የፒካፗ ቁመት

የሚያውቃቸው ሁሉ «ቀጮና ድቡልቡል» ይላቸው ነበር። ቀጮ እንደ ቅጽል ስሙ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የፒካፕ መኪናቸው ጋቢና ሲገባ እግሩን የሚያደርግበት ይጠፋውና ጉልበቱን አጣጥፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ድቡልቡል ደግሞ አጠር ያለ፣ ሙሉ ሰው ነው፤ መሪውን የሚይዘው እሱ ነበር። ሁለቱ የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ። የተበላሸውን ከየእርሻው ይጭናሉ፣ በድቡልቡል ግቢ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፈተው ያክማሉ፣ መልሰው ወስደው ይተክላሉ። ሥራቸው ይሄ ነው፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ይከራከራሉ። በማርሽ ይከራከራሉ፣ በቡሎን ይከራከራሉ፣ ዝናብ ይመጣል አይመጣም ብለው ይከራከራሉ። ደንበኞቻቸው የፒካፗን ድምፅ ከመስማታቸው በፊት የእነሱን ጭቅጭቅ ይሰማሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ከዚያ የቀጮ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ ትንንሽ የቡሎን ዳዶ መለየት አቃተው፤ ቆይቶም ሰው በድምፁ ብቻ የሚለይ ሆነ። ሴት ልጁ ከሩቅ ከተማ መጣችና «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው» ብላ ይዛው ሄደች። ድቡልቡል ራሱ ነው በፒካፗ አውቶቡስ ተራ ድረስ ያደረሳቸው። ሻንጣ የት ይቀመጥ በሚለው እንኳን ተከራክረዋል።

ቀጮ ሲሄድ «ድቡልቡል» የሚለው ስምም አብሮት ሄደ። ከጎኑ ረጅም ሰው ከሌለ አጭርነቱ ለማንም አይታየውም። አሁን ሰዎች «ፓምፕ ሠሪው» ነው የሚሉት። ከሚስቱ የተለያየው ገና በጎልማሳነቱ ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው የማብሰያው ድስትና ሬዲዮው ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ዝናቡ በረታና ወደ ላይኛው እርሻዎች የሚወስደውን መንገድ ቦረቦረው። መካከሉ ላይ ድሮም የነበረው ድንጋይ ጭራሽ አግጦ ቀረ። ፓምፕ ሠሪው ፒካፗን ምንም ያህል ቀስ አድርጎ ቢነዳት ሆዷ ድንጋዩን ሳይነካ አያልፍም፤ ከሥሩ «ቅርርር» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እሱም ጥርሱን ይነክሳል። ፒካፗን ከፍ የማድረግ ሐሳብ ከመጣለት ቆይቷል። ቀጮ ነበር የማያስነካው።

«መኪና ፍየል አይደለችም» ይለው ነበር። «ገደል ወጥታ ምን ልትበላ ነው? አንተ ረጋ ብለህ ንዳ።»

«እኔ ረጋ ብል ድንጋዩ ረጋ አይልልኝም።»

«ድንጋይማ ከተፈጠረ ጀምሮ እንደረጋ ነው፤ አንተ ነህ የምትቸኩለው።»

እንዲህ እየተባባሉ ሳያውቁት ይደርሱ ነበር። አሁን ግን መንገዱ ረዝሟል።

አንድ ቀን ድንጋዩ የጭስ ማውጫውን ገነጠለው። ፓምፕ ሠሪው በሽቦ አስሮ፣ እንደ ትራክተር እያስጮኸ ጋራዥ ገባ። የጋራዡ ባለቤት አንዲት መካኒክ ናት። አባቷ ካረፈ በኋላ ሥራውን የያዘችው እሷ ስትሆን፣ ዛሬም የምትለብሰው የአባቷን ቱታ ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላ። ክሪኩን አስገብታ ፒካፗን አነሳችና ከሥር ተንሸራታ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ግንባሯ ላይ የግራሶ ምልክት ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና በሆዷ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«መንገዱ ነው እንጂ እሷማ ምን አደረገች። ከፍ ልትደረግ ትችላለች?»

«መቻልስ ትችላለች። ጥያቄው ምን ያህል ነው።»

እጇን በጨርቅ እየጠረገች አስረዳችው። አንደኛው፣ ያለው ሞላ ሳይነካ ከላዩ የብረት ቀለበት ማስገባት ነው፤ ቁመት ይጨምራል፣ ግን ያው ያረጀ ሞላ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት መንፈራገጡን አይተውም። ሁለተኛው፣ የፊቱን ሞላና የኋላውን ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ከነሾክ አብዞርበሩ አውጥቶ ጠንከርና ረዘም ባለ መቀየር ነው፤ ፒካፗ አራት ጣት ያህል ከፍ ትላለች። ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ሙሉ ስንዝር ያነሳታል፣ ጎማውም በትልቅ ይቀየራል፣ ከሥር የሚፈታውም የሚጠበቀውም ብዙ ነው።

«በየቀኑ ነው የሚነዷት?» አለችው።

«በየቀኑ። ሌላ ምን መዋያ አለኝ።»

«እንግዲያው መካከለኛው ይበቃዎታል። ትልቁ ለጨዋታ ነው፤ በእረፍት ቀን አሸዋ ላይ ለሚዘል ሰው። ከፍ ባለች ቁጥር ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፤ ነዳጅም ትወዳለች። ግን የሚነዱት እርስዎ ነዎት፤ ያስቡበት።»

ፓምፕ ሠሪው ማሰብ አልለመደም ማለት አይደለም። የለመደው ግን ጮክ ብሎ ማሰብ ነው። አንድ ነገር ይላል፣ ቀጮ ይቃወመዋል፣ እሱ ይበሳጫል፣ በመጨረሻ ከሁለቱም አፍ ያልወጣ ሦስተኛ ሐሳብ ይመጣና እሱ ይሆናል። ብቻውን ሲያስብ ግን ሐሳቡ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይመለሳል፣ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ከጋራዡ ወጣና ግድግዳው ጥላ ሥር ቆሞ ስልክ ደወለ።

«አንተ!» አለ ቀጮ። ከኋላው ሕፃናት ይንጫጫሉ። «ጠፋህ እኮ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ዓይንህስ?»

«ያው ነው፤ እየለመድኩት ነው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መናፈሻ እየሄድን እናወራለን፤ የልጅ ልጄ እጄን ይዞ ያደርሰኛል። ምን ልበልህ፣ ሰው አድርገውኛል። ሥራስ?»

«ሥራ አለ። ስማ፣ ፒካፗን ከፍ ላደርጋት ነው።»

«እ?»

«ከፍ። ትልቁን ነው የማስገባው። ስንዝር የሚያህለውን።»

ትልቁን የማስገባት ሐሳብ አልነበረውም። ሆን ብሎ ነው ያለው፤ እንዲቆጣለት። ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያቺን ፍየል ጠበቀ። ቀጮ ይስቃል፣ ከዚያ «አብደሃል እንዴ» ይላል፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፤ በመጨረሻም መካከለኛው ይሆናል።

«ጥሩ ነው» አለ ቀጮ። «መቼም የምትነዳት አንተ ነህ። እንዳየህ አድርግ።»

ፓምፕ ሠሪው ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። «አንተ ምን ይመስልሃል?»

«እኔማ እዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ? ከመኪና ከተለያየሁ ቆየሁ። አንተ የሚሻልህን ታውቃለህ።» አንድ ሕፃን አጠገቡ ጮኸ። «መጣሁ፣ መጣሁ! ይሄ ልጅ አላስቆም አለኝ። በል፣ አትጥፋ እሺ? ደውል።»

ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲሠሩ ቀጮ «እንዳየህ አድርግ» ብሎት አያውቅም። ቃሉ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ደግ ቃል ነው። ፓምፕ ሠሪው ግን አንድ ሰው እጁን ይዞ ሲጎትተው ቆይቶ ድንገት እንደለቀቀው ዓይነት መንገዳገድ ተሰማው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ ጋራዡ ተመለሰና ሳይቀመጥ «ትልቁን አስገቢልኝ» አለ።

መካኒኳ ቀና ብላ አየችው። «ትልቁን?»

«ትልቁን ነው ያልኩሽ።»

«እንዳሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ፓምፕ አይደል የሚጭኑት? መጫኛዋ እዚህ ይደርሳል» አለችና መዳፏን በደረቱ ትክክል ይዛ አሳየችው። «ከባድ ነገር እዚህ ድረስ ለብቻ አይነሳም። ጫኝ አለ?»

«ሁለት ነን» አለ።

አፉ ላይ የመጣው ይሄ ነው። ለዓመታት ማን ናችሁ፣ ስንት ናችሁ፣ ለስንት ሰው ሻይ ይቅረብ ሲባል የመለሰው ይሄንኑ ነው። መካኒኳም አመነችውና ቁልፏን አነሳች።

ፒካፗ ተሠርታ ስትወጣ ሌላ መኪና መሰለች። ፓምፕ ሠሪው በሩን ከፍቶ እግሩን አነሳ፤ አልደረሰም። መያዣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንዴ ዘሎ ወርዶ፣ በሁለተኛው ገባ። መካኒኳ እንዳላየች ሆና ፊቷን ወደ መሣሪያ መደርደሪያው አዞረች፤ ልታስቀምጠው ያሰበችውን ቁልፍ ግን እዚያው እጇ ላይ ረስታው ነበር።

በከተማው ሲያልፍ የአጥሮች አናት ከዓይኑ ዝቅ አለ። ከዚህ በፊት ግንብ ብቻ ያየባቸው ቦታዎች ግቢ ሆነው ታዩት። አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፣ ባሏ ገመዱን ይወጥርላታል። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጁ ፀጉሩን ትቆርጠዋለች። አንዱ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ወጥቶ ብዙ ወንበር ተደርድሮበታል። የሰው ጓዳ ማየት ነውር መስሎት ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ፤ ቀጣዩ አጥር ላይ ግን ተመልሶ አየ።

የተቦረቦረው መንገድ ላይ ሲደርስ ፒካፗ ድንጋዩን ምንም ሳትነካ ተሻገረችው። «አየህ?» አለ ወደ ቀኝ ዞሮ። ከዚያ ወደፊቱ ተመለሰና ሬዲዮውን ከፈተ። ኩርባው ላይ መኪናዋ እንደ ጀልባ ስታዘነብል መሪውን አጥብቆ ያዘ።

በማግስቱ ጠዋት ለአንዲት ሽንኩርት አምራች የሚደርስ ፓምፕ ነበረው። ሴትዮዋ ኃይለኛ ናት፤ «ከነገ ካለፈ ሽንኩርቴን ቀብሬ ነው የምጠብቅህ» ብላዋለች። ቀጮ ከሄደ በኋላ እንዲህ ያለውን ፓምፕ ብቻውን የሚጭንበት ዘዴ ነበረው። ጉልበቱ ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ የመጫኛው ጠርዝ ላይ ያስደግፈዋል፣ ከዚያ በትከሻው ይገፋዋል። ወገቡ ቢያጉረመርምም ይገባ ነበር። አሁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ቀና ሲል ጠርዙ ከአገጩ ብዙም አይርቅም። መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

የግቢውን በር ከፍቶ መንገዱ ላይ ቆመ። አንድ አስተማሪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ።

«ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርክ?» አለ ፓምፕ ሠሪው፤ አስተማሪው አለፈ። ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች አካፋ ተሸክመው እየተሳሳቁ መጡ። ትከሻቸው እንኳን ፓምፕ ፒካፗንም የሚያነሳ ነው። ሰላምታ ሰጡት፣ መለሰላቸው፣ አለፉ። ከዚያ ማዶ ያለው ጎረቤት ወጣ። በዚህ ሰፈር ሲኖሩ ዘመናቸው ነው፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም። ፓምፕ ሠሪው ሁልጊዜ ከቀጮ ጋር እያወራ ነበርና የሚያልፈው ሌላ ሰው አላስፈለገውም ነበር። «አንዴ እጅህን» ለማለት አፉን ከፈተ። «ፀሐዩ ከረር ሊል ነው መሰለኝ» አለ በምትኩ።

«ይመስላል» አለ ጎረቤቱ፤ ሄደ።

ተመልሶ ገባ። የመጫኛውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ አወረደና ሁለት ጣውላ አስደገፈ፤ ፓምፑን በገመድ አስሮ ከታች እየገፋ ማውጣት ጀመረ። የጣውላው ዳገት በዝቷል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ አንደኛው ጣውላ ተንሸራተተ። ፓምፕ ሠሪው ዘሎ ሸሸ፤ ሲሸሽ በእጁ አንጓ ላይ ወደቀ። ፓምፑ ወርዶ የደረጃውን ድንጋይ መታው። ድምፁን ሲሰማ ማየት አላስፈለገውም፤ ቢሆንም ተነስቶ አየ። የውጭ ቅርፊቱ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

ያበጠውን እጁን አቅፎ ፓምፑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀጮ ቢኖር ይሳደብ ነበር። «ነግሬህ ነበር» ይለው ነበር። ከዚያ ራሱ ያነሳው ነበር። ፀሐዩ ጥላውን ከላዩ ላይ እየገፈፈ እስኪጨርስ እዚያው ቆየ፤ እሱን ፈልጎ የመጣ ሰው የለም፣ ስልኩም አልጮኸም። በዚያች ሰዓት ፓምፑ እግሩን ሰብሮት ቢሆን ማን ያውቅለት እንደነበር አሰበ። ሽንኩርት አምራቿ ካልሆነች በቀር አንድም ሰው አይመጣለትም ነበር፤ እሷም ብትመጣ ለቁጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄደ። መካኒኳ ከአንድ ሞተር ላይ ቀና አለች።

«ምነው፣ መሪው ያንኳኳል?»

«አይ።» ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ብቻዬን ነኝ» አለ።

አልገባትም። «ማለት?»

«ሁለት ነን ያልኩሽ ውሸት ነው። ጓደኛዬ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። የምጭነውም የማወርደውም ብቻዬን ነው። ዛሬ የሰው ፓምፕ ሰበርኩ።»

መካኒኳ እጁን አየች። ጥግ ያለውን በርሜል ገልብጣ እሱን ላዩ ላይ አስቀመጠችውና፣ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ አንጓው ላይ ጠቀለለችለት።

«መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ እምቢ እልዎት ነበር» አለች።

«ለዚያ ይሆናላ ያልነገርኩሽ።»

«አባቴ ካረፈ በኋላ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ‹ቆይ አባቴን ልጠይቅ› ብዬ እዚያ ጓዳ እገባ ነበር። ማንም የለም። ትንሽ ቆሜ እወጣለሁ።» ጨርቁን አጠበቀችው። «አሁን ትቼዋለሁ። ያምዎታል?»

«ትንሽ።»

ትልቁን አውጥታ መካከለኛውን አስገባችለት። ከዚያ ሳይጠይቃት የመጫኛው ጥግ ላይ የሚዞር የብረት ክንድ በየደችና በእጅ የሚጎተት ሰንሰለት አንጠለጠለችበት። ሰንሰለቱን ሲስቡት ያንን ከባድ ፓምፕ እንደ ቅርጫት ያነሳዋል።

«ይኸው፣ ጫኝ ቀጠርኩልዎ» አለች። «አያኮርፍም፣ አይቀርም፣ ወሬም የለውም።»

ፓምፕ ሠሪው ሳቀ። «ወሬም የለውም» የሚለው ላይ ግን ሳቁ አለቀበት። እሷም አየችው መሰል፣ ቶሎ ብላ «ወጥተን እንሞክራት፤ ድምፅ ካለ መስማት አለብኝ» አለችና ጋቢና ገባች።

በተቦረቦረው መንገድ ወጡ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ «ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ» አለችው።

«እዚህ አንደኛ ነው።»

«አንደኛ ይጮሃል እንጂ አይወጣም። ሁለተኛ።»

«ልጄ፣ ይሄን መንገድ ስወጣበት አንቺ ጥርስ አላወጣሽም።»

«ያኔ ጉድጓድ አልነበረውም።»

በአንደኛ ወጣ። ፒካፗ ድንጋዩን በጥቂት ጣት ለቅቃ አለፈች፤ ኩርባው ላይም አላዘነበለችም። መካኒኳ መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን አውጥታ አዳመጠች። «ጸጥ ብላለች» አለች። «ግን ሁለተኛ ነበር የሚሻለው።» ፓምፕ ሠሪው መንገዱ ገና ባያልቅ ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን ሥራ አላት፤ የተፈታ ሞተር ጠረጴዛ ላይ ትታ ነው የመጣችው። መልሶ ጋራዡ በር ላይ አወረዳት፤ እጇን አወዛውዛ ገባች።

ለፓምፑ ከራሱ ዕቃ መካከል ሌላ ቅርፊት አግኝቶ ቀየረለት። በአንድ እጁ ስለሚሠራ ዘገየ። ሽንኩርት አምራቿ ጋ ሲደርስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። አልዋሸም፤ እንዴት እንደሰበረው ነገራት። ተቆጣች። ስለደረቀው መደብ፣ ስለሞተው ችግኝ፣ ስለ ወንዶች ቃል ሁሉ ተናገረችው፤ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። ሲበቃት ወደ ጋቢናው አጎንብሳ አየች።

«ያ ረጅሙስ? ያ አፉ የማያርፈው?»

«ልጁ ጋ ሄዷል። ዓይኑ ደክሞ ነው። አሁን ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«አይ» አለች። ቁጣዋ በረደ። አማቿን ጠርታ እንዲያወርድለት አዘዘችው፤ ፓምፕ ሠሪው ግን «ተወው፣ ይወርዳል» ብሎ ሰንሰለቱን ሳበ። ፓምፑ በአየር ላይ ተንሳፎ ቦታው ላይ አረፈ። አማትየዋም አማችየውም ቆመው አዩት።

ሞተሩ ሲነሳ ውሃው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ጠራ። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። መሣሪያውን ሰብስቦ መሄድ ይችላል። እሱ ግን ቦዩ ዳር ቆሞ ውሃው አንዱን መደብ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ሲዞር፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ተመለከተ። ሰዎቹ ወደየሥራቸው ተበታተኑ። የሚያስቸኩለው ቤት የለውምና የመጨረሻው መደብ እስኪርስ ቆየ።

ሲመለስ ፒካፗ ባዶ ነበረች። አዲሱ ባሌስትራ ጠንካራ ነው፤ መካኒኳ ነግራዋለች፣ ጭነት ሲኖራት ነው የምትረጋው፣ ባዶ ስትሆን ትዘላለች። በእያንዳንዱ ጉብታ ከመቀመጫው ብድግ እያደረገችው ቁልቁል ወረደ። ድንጋዩን ሳይነካ አለፈ። ሬዲዮውን አልከፈተም። የከተማው አጥሮች እንደ ድሮው ከዓይኑ ከፍ ብለው ተዘጉ፤ ከአንዱ ግንብ ጀርባ የሚስቁ ሰዎች ድምፅ መጣ፤ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ አለፋቸውና ወደ ቤቱ ታጠፈ።